የወንድይፍራው ስድስት ቁጥር

በአንድ ወቅት፣ ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ከተማ፣ ወንድይፍራው የሚባል ኳስ ተጫዋች ነበር። በአንድ ወቅት ስላችሁ አንበሳና ጦጣ የሚነጋገሩበትን ዘመን እንዳታስቡ፤ ባጃጅ መንገዱን የሞላበት፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ስልኩ ላይ የደፋበት የኛው ዘመን ነው። ሳልጨርስ ክርክር እንዳትጀምሩ ብቻ አደራ። ከጨረስኩ በኋላ እስኪበቃችሁ ተጨቃጨቁ። እኔ ብቻዬን ስንቴ ተጨቃጭቄበት አልሆነልኝም።

ወንድይፍራው፣ ከተማው እንደሚጠራው ወንዴ፣ የከተማው ቡድን ስድስት ቁጥር ነበር። ኳስ ለማያውቅ ሰው፣ ስድስት ቁጥር ማለት ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ የሚመጣውን ሁሉ የሚያስቆም ሰው ነው። ጎል አያገባም። የሌላውን ኳስ ነጥቆ አጠገቡ ላለው ያቀብልና ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሥራው ይኸው ነው። ወንዴ ግን ይህንኑ ሥራ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ አሳምሮ ስለሠራው፣ ከሐይቁ እየተነሱ ሜዳው ላይ የሚንጎራደዱት ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ እንኳ እሱ በቆመበት በኩል አይወርዱም እየተባለ ይቀለድ ነበር።

ይህች ከተማ አንድ የራሷ ደንብ አላት። ከቡድኑ የሚሰናበት ተጫዋች መለያውን ለክለቡ አይመልስም። በመሰናበቻው ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ለብሶት ሜዳውን አንዴ ይዞራል፤ ከዚያ መሐል ሜዳ ላይ ያወልቀውና «ያላንተ አልቆምም ነበር» ለሚለው ሰው ይሰጠዋል። ለአንድ ሰው ብቻ። ለሁለት አይቀደድም፤ በኋላ ቤት ሄጄ እሰጣለሁም አይባልም። የተቀበለው ሰው ሳያጥብ ቤቱ ይሰቅለዋል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም የተጫዋቹ የሥጋ ዘመድ ያህል ይቆጠራል። ተጫዋቹ ለማንም ሳይሰጥ ይዞት ከወጣ ግን ያ ቁጥር ይዘጋል፣ ከእንግዲህ ማንም አይለብሰውም። ሰውየውም ውለታ ቢስ ይባላል። ከዚህ የከፋ ስድብ በዚያች ከተማ የለም።

ደግሞ ፋንታሲ አለላችሁ። ተጫዋች እየመረጡ የራስን ቡድን የሚሠሩበትን የእንግሊዙን ፋንታሲ በስልኩ የማይጫወት ወጣት እንደሌለ ታውቃላችሁ። የወንዴ ታላቅ እህት ወይንሸት መናኸሪያው አጠገብ ጁስ ቤት ነበራት። አንድ ቀን «የማታውቁትን ፈረንጅ ከምትገዙ የራሳችንን ልጆች ለምን አትገዙም?» አለችና፣ የአገር ውስጡን ሊግ ፋንታሲ በጥቁር ሰሌዳ ጀመረችው። ለሁሉም ሰው መቶ ይሰጠዋል፤ ብር አይደለም፣ የጨዋታ መቶ ነው። በዚያች መቶ አስራ አንድ ሰው መርጦ አሰላለፉን በስልኩ ይልክላታል። የየተጫዋቹን ዋጋ በየሰኞው በጠመኔ የምትጽፈው ራሷ ወይንሸት ናት። ጎል ያገባ ነጥብ ያመጣል፣ ኳስ የነጠቀም ነጥብ ያመጣል። ሳምንቱን ያሸነፈ አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ በነጻ ይጠጣል። ለአንድ ብርጭቆ ስፕሪስ ሰው እንደዚያ ሲጣላ አይቼ አላውቅም። የክለቡ ኮሚቴ አባላት ሳይቀሩ ይጫወቱ ነበር። በሰሌዳው ላይ ከሁሉም ውዱ ወንዴ ነበር፤ አስራ ሁለት።

አምና ከሁለተኛው ቡድን አንድ ልጅ አደገ፤ ምንተስኖት ይባላል። አሰልጣኙ ጋሽ ወርዶፋ ከወንዴ ጎን አሰለፈው። ክፍል አብረው ያድራሉ፣ አውቶቡስ ውስጥ አብረው ይቀመጣሉ። ወንዴ «ኳሱን አትይ፣ የሰውየውን ወገብ እይ፤ እግር ይዋሻል፣ ወገብ አይዋሽም» እያለ የሚያውቀውን ሁሉ አስተማረው። ልጁ ግን ሜዳ ላይ መሮጥ እንጂ ሌላ የሚያውቅ አይመስልም ነበር። ወዲያ ይሮጣል፣ ወዲህ ይሮጣል፣ ኳሱን የሚወስደው ወንዴ ነው። ጁስ ቤቱ «ይሄ ልጅ የማን ዘመድ ሆኖ ነው የገባው?» እያለ ይስቅበት ነበር። ዋጋው አራት ነበር፤ ከአራት በታች የለም።

ዘንድሮ ሊጉ ሊያልቅ ጥቂት ጨዋታ ሲቀረው ቡድኑ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ገባ። በዚያ ሰሞን በሜዳቸው አንድ ክፉ ጨዋታ ነበረባቸው። ከእረፍት በፊት ሁለት ጊዜ ሰው በወንዴ አጠገብ አለፈ፤ ሁለቱም ጎል ሆነ። ከእረፍት መልስ ምንተስኖት ሌላ ሰው ሆነ። ወንዴ ሊነጥቀው የተዘጋጀውን ኳስ ከፊቱ ገብቶ ወሰደበት። ደግሞ ወሰደበት። አንዴማ ከራሱ ከወንዴ እግር ሥር ነጥቆ ሮጠ። ቡድኑ ሦስት ለሁለት አሸነፈ፤ ሕዝቡም ገና ከሜዳ ሳይወጣ በምንተስኖት ስም ዘፈን አወጣ። ወንዴ ጫማውን ሲፈታ ማንም ያየው የለም።

ሰኞ ዕለት ወይንሸት የምንተስኖትን አራት አጥፍታ አስራ አንድ ጻፈች። ሰዉ ሁሉ ወንዴን አውጥቶ ምንተስኖትን አስገባ፣ አምበልም አደረገው። በሚቀጥለው ሰኞ የወንዴንም ዋጋ አጠፋችውና አራት ጻፈችለት። ጠመኔውን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

በዚያው ሳምንት፣ በልምምድ ሰዓት፣ ቡድኑ ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ ጋሽ ወርዶፋ «ወንዴ፣ ጨርሰሃል። ቅዳሜ መሰናበቻህ ነው» አለ።

«ኮች፣ እስከ ሊጉ መጨረሻ እንኳ…»

አሰልጣኙ ፊሽካውን ነፋና ልምምዱን አስጀመረ። ወንዴ የጀመራትን ዓረፍተ ነገር እንኳ እንዲጨርስ አልተፈቀደለትም። ይህን ሳወራ እስከ ዛሬ አንጀቴ ይቃጠላል።

ከተማው አበደ። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች ለጋሽ ወርዶፋ «ዓሣ አልቋል» ይሉት ጀመር፤ ዓሣው ፊታቸው ተከምሮ። ሰላምታ የነሳውም ብዙ ነው። እስቲ አሁን ምን ይባላል? ወንዴን በፋንታሲው አውጥቶ የጣለው ይኸው ከተማ አይደለም? በስልክና በጠመኔ ሲሆን ቀላል ነው፤ ሰው በአፉ ሲናገረው ነውር ይሆናል።

ወንዴ በመጀመሪያ የሄደው ወደ እህቱ ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው ወይንሸት ናት። ኳስ አታውቅም ነበር፤ የሚጫወተው እሱ ስለሆነ ተማረችው። ማንጎ ስትልጥ አገኛት። ከኋላዋ ሰሌዳው ላይ ስሙ ከነአራቱ አለ።

«እቴቴ፣ እኔ አራት ነኝ?» አላት።

ማንጎውን አስቀመጠች። «አንድ ሰው እንኳ አልያዘህም ነበር። አንድም ሰው። ስንቱን በነጻ ያጠጣሁት ሰው ዓይኔ እያየ ስምህን ሲያጠፋ ዋለ።»

«እና አንቺም በርካሽ ሸጥሽኝ።»

«እንዲይዙህ ብዬ ነዋ የኔ ጌታ! በአስራ ሁለት ማን ይይዝሃል? ውድ ውዱን የገዛ ሰው መጨረሻ ላይ መሙያ ይፈልጋል። በአራት ሁሉም ያዘህ። ሰኞ ስምህን በየሰዉ አሰላለፍ ውስጥ ሳየው ደስ ብሎኝ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።»

እውነቷን ነው፤ በዚያ ሳምንት ወንዴን ያልያዘ ሰው አልነበረም። ግን እሷ ያላሰበችው አንድ ነገር ነበር። የኮሚቴው ሰዎችም ሰሌዳውን ያያሉ። ስብሰባቸው ላይ በአሰላለፉ ውስጥ «ይቆይ» የሚሉና «ይውጣ» የሚሉ እኩል ሆነው ሲከራከሩ፣ አንዱ ተነስቶ «እህቱ እንኳ አራት ነው ያለችውን ሰው እኛ ምን አድርጉ ነው የምንባለው?» አለ። ሳቁ፤ በሳቁም ክርክሩ አለቀ። ያው ሰውዬ በማግስቱ ጁስ ቤት መጥቶ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ፣ ለራሷ ለወይንሸት ነገራት።

«በኔ ጠመኔ ነው የፈረዱብህ» አለች ለወንድሟ። «መለያውን ለኔ እንዳታስበው። እጄ አይነካውም። ለጋሽ ወርዶፋ ስጠው። ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ እንጂ ሰው ያደረገህ እሱ ነው።»

ወንዴ ወደ አሰልጣኙ ቤት ሄደ፤ መለያ ሊሰጥ ሳይሆን ሊጣላ ነው የሄደው። ጋሽ ወርዶፋ ግቢው ውስጥ የተቀደደ የጎል መረብ ይቋጥር ነበር። ወንዴን በአሥራዎቹ ዕድሜ ከቄራው ሜዳ አንስቶ፣ አጥቂ ነኝ ሲል «አጥቂ አይደለህም፣ አስቁም» ብሎ ስድስት ቁጥር ያደረገው እሱ ነው።

«ኮች፣ ውሻ እንኳ እንደዚያ አይባረርም» አለ ወንዴ።

«ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም።»

«የማትቀመጠው መነሳቱ ስለሚያቅትህ ነው።»

ወንዴ ክብደቱን ወደ ቀኝ እግሩ አዛወረ።

«ወጌሻው ነግሮኛል» አለ ጋሽ ወርዶፋ፣ ዓይኑን ከመረቡ ሳያነሳ። «የግራ ጉልበትህን በማደንዘዣ መርፌ እየሸነገልክ ነው የምትገባው። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ከቀጠልክ ያለ ክራንች አትሄድም ማለቱንም አውቃለሁ። ኮሚቴው አሰላለፍ ውስጥ አይግባ ብሎ ከወሰነ በኋላ ደግሞ፣ ለሕዝቡ ሲባል ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቆይና የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ይግባ አለኝ። ለነዚያ ደቂቃዎች መርፌውን አትወጋም ነበር?»

«እወጋ ነበር።»

«እንግዲህ በቃ። በዚሁ ሳምንት ይሰናበት ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለብቻዬ ጠርተው አይነግሩኝም ነበር?»

«ለብቻህ ብነግርህ ትለምነኛለህ። ከለመንከኝ እሺ እላለሁ። አንተን እምቢ ብዬ አላውቅም።»

 ወንዴ «ለከተማውስ ለምን አይናገሩም? ዓሣ እንኳ ከልክለዎታል» አለ።

«ምን ብዬ? ወንዴ በመርፌ ነበር የሚጫወተው ብዬ? ተወው፣ ሥጋ እበላለሁ።» ከዚያ መረቡን ጭኑ ላይ ጣለው። «መለያውን ለኔ እንዳታመጣ። ሰው ፊት ባለቅስ አሰልጣኝ መሆኔ ይቀራል። ለምንተስኖት ስጠው። ነገ ያንን ቁጥር የሚሸከመው እሱ ነው።»

ምንተስኖትን ያገኘው ሜዳ ላይ ነው። ልጁ ልምምድ አልቆም ብቻውን ይሮጥ ነበር። ወንዴ መስመሩ ላይ ቆሞ ጠራውና «ቅዳሜ መለያውን ላንተ ልሰጥህ ነው» አለው። በልቡ ግን ቂም ነበረበት፤ ሰው ነው።

«አልቀበልህም ወንዴ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ አልችልም።»

«ኳሱን ከእግሬ ሥር ስትወስደው ችለህ ነበር።»

ልጁ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየ። «አምና ብዙ ኳስ ነጥቀሃል አይደል?» አለ።

«እንደ አምና ነጥቄ አላውቅም።»

«ከየት በኩል ነበር የሚመጣልህ?»

ወንዴ ማሰብ ጀመረ። አንዱን አስታወሰ፣ ሌላውን አስታወሰ። ከቀኝ ነበር። ሁሉም ከቀኝ ነበር።

«አንድ ቀን ካረፍንበት ሆቴል ደረጃ በጎንህ ስትወርድ አየሁህ» አለ ምንተስኖት። «ግራህ እንደሞተ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ከዚያ በኋላ ሰውየውን እየነዳሁ ወደ ቀኝህ አመጣልህ ነበር። ስሮጥ የነበረው ለሱ ነው። ማንም ግራህን እንዳያይብህ።»

ከተማው የሳቀበት ሩጫ ይህ ነበር። ልጁ ሊነጥቀው የሚችለውን ኳስ ሁሉ ለወንዴ እያደረሰ፣ ስሙን ለወንዴ እየሰጠ፣ ራሱ አራት እየተባለ ዓመቱን ጨረሰ።

ወንዴ መስመሩ ላይ ተቀመጠ። መነሳቱ እንደሚያቅተው እያወቀ ተቀመጠ። «እኔ እኮ» አለ፣ «አምና በጣም ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።»

ምንተስኖት አለቀሰ። ወንዴ ግን አላለቀሰም፤ የሚያለቅስበት እንኳ የቀረው አይመስልም ነበር።

«ያን ቀን ለምን ተውከኝ?»

«አልተውኩህም። ሁለቴ ወደ ቀኝህ ነድቼልህ ነበር፤ ቀኙም አልደረሰም። ሦስተኛው ቢገባ ቡድኑ ይወርዳል። ያንተ ቡድን ነው፤ እኔ ገና ትናንት ነው የመጣሁት። ያስተማርከኝን አስታወስኩ፣ ወገቡን አየሁ፣ ወሰድኩት።» አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። «መለያውን ለእቴቴ ወይንሸት ስጣት። እኔ ያሳደገኝን ሰው ነው የጣልኩት፤ እሷ ግን አሳድጋሃለች።»

ወንዴ ከተነሳበት ቦታ ተመለሰ ማለት ነው። እህቱ ወደ አሰልጣኙ፣ አሰልጣኙ ወደ ልጁ፣ ልጁ ወደ እህቱ ላኩት።

ይህንን ታሪክ ለስንት ሰው ነገርኩት መሰላችሁ። ሴቶች ብዙ ጊዜ ለወይንሸት ይፈርዳሉ፤ ያሳደገች እሷ ናት፣ ብትሳሳትም ስሙ እንዳይጠፋ ብላ ነው ይላሉ። ጎረቤቴ አቶ ዳምጤ ግን ይህንን ሲሰማ ይቆጣል፤ በፍቅርም ይሁን በጥላቻ የተጻፈው አራት ያው አራት ነው፣ የጣለው ያ ነው ይላል። ጉልበቱን ታሞ የሚያውቅ ሰው ለጋሽ ወርዶፋ ነው የሚፈርደው፤ ሌሎቹ ስሙን ሲጠብቁለት እሱ እግሩን ጠበቀለት፣ ስድቡንም ዋጠለት ይላል። ሌላው ደግሞ ይነሳና፣ ሰውን በሰው ፊት ማዋረድ ምን ዓይነት መድኃኒት ነው ይላል። ወጣቶቹ ለምንተስኖት ይሟገታሉ፤ ዓመት ሙሉ የራሱን ስም ለሌላ ሰው የሰጠ ማን አለ? ይላሉ። ባለቤቴ አንድ ቀን ለነዚህ ወጣቶች «ሰውን ሳያውቅ ደግፎ ማቆም፣ በኋላም ነግሮ ያንን ዓመት ከእጁ መንጠቅ፣ እሱስ ደግነት ነው?» አለቻቸው። 

ቅዳሜ ደረሰ። ሜዳው ጢም አለ። ወንዴ ስድስት ቁጥሩን ለብሶ ብቻውን ወጣና መዞር ጀመረ። የሚደብቀው ስለሌለው ዓመት ሙሉ የደበቀውን እግር እየጎተተ ሄደ። ሲያነክስ ያየው ሕዝብ ጭብጨባውን ቀስ በቀስ አቆመ። «እንዲህ ነበር እንዴ?» የሚል ሹክሹክታ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ከሁለት ሳምንት በፊት ስሙን በስልኩ ያጠፋው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ ለምን እንደደፋ ግን በደንብ የገባው አይመስለኝም።

ወይንሸት ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች፤ ጣቶቿ ላይ ጠመኔ አለ። ጋሽ ወርዶፋ ወደ አሰልጣኝ ወንበሩ አልመጣም፤ ከአጥሩ ውጭ፣ ከባጃጆቹ አጠገብ፣ መግቢያ እንዳልከፈለ ሰው ቆሞ በሽቦው ያያል። ምንተስኖት ከቡድኑ ጋር መስመሩ ላይ ነው፤ ጀርባው ላይ ቁጥር የሌለው ቱታ ለብሷል፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

ወንዴ ዙሩን ጨርሶ መሐል ሜዳ ላይ ደረሰ። አባ ኮዳዎቹ፣ በተጫወተበት ዘመን ሁሉ አይደፍሩትም የተባሉት፣ እሱ ይቆምበት በነበረው ቦታ ላይ ወርደው ይንጎራደዱ ነበር። አያቸው። መለያውን አወለቀና ሁለቴ አጠፈው። ካናቴራ ብቻ ለብሶ ሲቆም ያ ሁሉ ያስፈራ የነበረ ሰው እንዴት ቀጭን እንደሆነ ሁላችንም አየን።

ይዞት ከወጣ ውለታ ቢስ ይባላል፣ ቁጥሩም ይዘጋል። ከሦስቱ ለአንዱ ከሰጠው ደግሞ ሁለቱ ይቅር እንዳላላቸው አድርገው ይወስዱታል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ነገም ከነገ ወዲያም ጁስ ቤቱ በር ላይ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሜዳው ላይ ይገናኛሉ። ሦስቱም ወደውታል፣ ሦስቱም እጃቸው በመውደቁ ውስጥ አለበት። ሦስቱም «ለኔ አትስጠኝ» ብለውታል፤ ግን ሲያወልቀው ሦስቱም ቀና ብለው አይተውታል።

እንግዲህ እሱ እዚያው መሐል ሜዳ ላይ፣ ላቡ ያልደረቀ መለያ በእጁ ይዞ ቆሟል። ከመፍረዳችሁ በፊት፣ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤት የሚመለሱትን የሁለቱን ፊት ደህና አድርጋችሁ አስቡት። ከዚያ ንገሩኝ፤ መለያው ለማን ይገባል?